አሮጌ ሾፕስሚዝ ማርክ 5 ልግዛ ወይ? ገዝቼስ አገር ቤት ልውሰደው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ አንዲት አሮጊት የሟች ባለቤታቸውን ሾፕስሚዝ ማርክ 5 የሚባል ማሽን በ350 ዶላር ሊሸጡ ነው። አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ነው። አንዱ ማሽን መጋዝም፣ ቶርኖም፣ ትራፓኖም ይሆናል ይላሉ። ረከቦት፣ በርጩማና ትንንሽ ጠረጴዛ ልሠራበት አስቤያለሁ። ልግዛው? ሳየው ምን ምኑን ልፈትሽ? ወደ አገር ቤት ስመለስስ ይዤው ብሄድ ይሠራል?»

ምላሽ፦

የሚዞር ከሆነና ተቀጥላዎቹ አብረው ካሉ ይግዙት። ነገር ግን የሚገዙት ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚያስጠርብ) እና ትራፓኖ (ቁልቁል የሚበሳ) መሆኑን አውቀው ይግዙ፤ መጋዝነቱን እንደ ምራቂ ይቁጠሩት። አገር ቤት መውሰዱን አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች በቁጥር አሳያለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጥራ። እኛ ጋ «ኮምባይንድ» ሲባል የሚታሰበው የጣሊያን ዓይነቱ ነው፦ ፒያላ (የጣውላ ፊት የሚልግ)፣ ውፍረት ማውጫና ክብ መጋዝ በአንድ ከባድ የብረት ገላ ላይ። ያ ማሽን የተሠራው ጣውላ ለመላግና ለመሰንጠቅ ነው። ሾፕስሚዝ በሌላ ሐሳብ የተሠራ ነው። አንድ ሞተርና አንድ የሚዞር ዘንግ ያለው «ራስ» በሁለት የብረት ቱቦዎች ላይ እንደ ባቡር በሐዲድ ይንሸራተታል። በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያስሩት ዕቃ የማሽኑን ሥራ ይወስናል፦ ላማ (ክብ የመጋዝ ምላጭ) ሲያስሩ መጋዝ፣ ባለ ጥርስ መያዣ ሲያስሩ ቶርኖ፣ ፑንታ (የመብሻ ብረት) ሲያስሩ አግድም መብሻ ነው። መላ ገላውን ወደ ላይ ሲያቆሙት ደግሞ ትራፓኖ ይሆናል፤ 12 ኢንች ክብ ሰሌዳ ሲያስሩበት ማለስለሻ ነው። ፒያላ የለውም። 4 ኢንች ስፋት ያላት ፒያላ ለብቻዋ የሚገዛ ተቀጥላ ናት፤ ሻጯ ጋ ካለች የዋጋውን ግማሽ ታወጣለች። ከሌለች አራቱም ወገን የተላገ እንጨት ከእንጨት መሸጫ እየገዙ ይጀምራሉ።

ዕድሜውን ለመገመት ያህል፦ ማሽኑን የፈለሰፈው ሐንስ ጎልድሽሚት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማግና በሚባል ድርጅት ወጣ፤ ማርክ 5 በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በ1960ዎቹ ምርቱ ቆሞ ነበር፤ በ1972 ጆን ፎልከርዝ ገዝቶት ኦሃዮ ውስጥ ዳይተን ላይ እንደገና አስጀመረው። እርስዎ ያዩት አረንጓዴው የማግና ዘመን ሥራ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋል ማለት ነው። ይህ አያስፈራዎት። ቅርጹ ብዙም ስላልተለወጠ ከኋለኞቹ ሞዴሎች ብዙው ዕቃ ይገጥመዋል። ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ነው፤ የጥንቶቹ 3/4 ፈረስ ጉልበት ናቸው፣ የኋለኞቹ 1 1/8። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ያንብቡ።

ጋራዡ ሲገቡ የፍጥነት መደወያውን እንዳይነኩት። ሰው ማሽን ሲያይ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ በብዛት የሚሰበረው በዚህ ነው። በውስጡ ቺንጋው (የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ) የሚሄደው እንደ ኮን በተጠጋጉ ሁለት ግማሽ ፑሊዎች መካከል ነው። መደወያውን ሲያዞሩ አንዱ ግማሽ ይጠጋል፣ ቺንጋው ወደ ዳር ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይለወጣል። ቺንጋው መንቀሳቀስ የሚችለው ሲዞር ብቻ ነው። ማሽኑ ቆሞ መደወያው ከተገፋ ቺንጋው አይነቃነቅም፣ ኃይሉ ሁሉ በማዞሪያው ጥርስ ላይ ያርፋል፣ ጥርሱ ይላጣል። «መደወያው ትንሽ ጠንክሯል» ካሉዎት ሌላ ሰው ቀድሞ ይህን አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት።

ገመዱን ይመልከቱ። የጥንቱ ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ፣ መሬት የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ መዳብ ከታየ አይሰኩት። ደህና ከሆነ በዘንጉ ላይ ምንም ሳያስሩ ያስነሱት። ሦስት ነገር ሊሰሙ ይችላሉ። እያንጎራጎረ ካልተነሳ ወዲያው ያጥፉት፤ ማስነሻው ካፓሲተር ወይም በሞተሩ ውስጥ ያለችው በሽክርክሪት የምትከፈተው ማብሪያ ተበላሽታለች፣ ሁለቱም የሚጠገኑ ናቸው። ሲነሳ ሹል ጩኸት ካለው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ደርቋል፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ታትሟል፣ የትም ይገኛል። በዝቅተኛው ፍጥነት ኳ ኳ ካለ ቺንጋው ለዓመታት በአንድ ቦታ ቆሞ ጎብጧል ወይም ተንሸራታቹ ፑሊ ያለ ዘይት ተበልቷል። የጎበጠ ቺንጋ አሥር ደቂቃ ሲዞር ድምፁ ይቀንሳል፤ የተበላ ፑሊ ግን አይለወጥም። የኋለኛው ከሆነ 350 ዶላር ብዙ ነው።

እየዞረ ሳለ መደወያውን ቀስ ብለው ከዝቅተኛው፣ ማለትም በደቂቃ 700 ዙር ገደማ፣ እስከ ከፍተኛው 5200 ድረስ ይውሰዱትና ይመልሱት። ሳይንቀጠቀጥ ከሄደ ዋናው ነገር ደህና ነው። ከዚያ ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ዘንጉን በመያዣው ወደ ፊት ያውጡት። 4 1/4 ኢንች መውጣትና ሲለቁት ራሱ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ሞቷል። ወጥቶ ሳለ ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ስሜት ብቻ ከሆነ የተለመደ ነው፤ በዓይን የሚታይ ከሆነ ኩሽኔታው ይቀየራል።

ቱቦዎቹ ላይ የሚታየው ዝገት አያሳስብም። በደቃቅ የብረት ሱፍና በዘይት ይለቃል፣ ከዚያ ሰም ይቀባል። የሚያሳስበው ጉድጓድ የበላ ዝገትና መታጠፍ ነው። ረጅም ማስመሪያ በጎኑ ያስጠጉና ብርሃን በመካከሉ ያልፍ እንደሆነ ይዩ። ቱቦ ከታጠፈ ቶርኖም መጋዝም ቀጥ አይልም፤ ትተውት ይሂዱ።

ከዚያ ዕቃ መቁጠር ነው፤ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋውም እዚህ ነው። ሊኖሩ የሚገባቸው፦ የላማ ማሰሪያው፣ የላይና የታች መከለያ፣ መመሪያው (ሲሰነጠቅ እንጨቱ ተጠግቶ የሚሄድበት)፣ ማዕዘን መግፊያው፣ 12 ኢንች ሰሌዳው፣ የፑንታ መያዣው ከነቁልፉ፣ የቶርኖው ባለ ጥርስ ጫፍ፣ በማዶ በኩል እንጨቱን የሚደግፈው ቴልስቶክ ከነጫፉ፣ የመሮ ማስደገፊያው፣ 5/32 ኢንች የአለን ቁልፍ። ሟቹ ሠራተኛ ነበሩ ከተባለ አንዳንዱ በቡና ጣሳ ውስጥ፣ አንዳንዱ በግድግዳ ሚስማር ላይ ነው፤ እመቤቲቱ ዕቃው የማሽኑ መሆኑን ስለማያውቁ በትሕትና ጠይቀው ይፈልጉ። የላማ መከለያዎቹ ከጠፉ ማሽኑን በመጋዝነት አይቁጠሩት። እኔ ብሆን ሙሉ ሆኖ የሚዞረውን በተባለው ዋጋ እወስዳለሁ፤ የማይዞረውን ወይም ግማሽ ዕቃው የሌለውን ከ150 ዶላር በላይ አልሰጥበትም።

ክብደቱ 90 ኪሎ ገደማ ነው፣ ርዝመቱ ከ1.8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጠረጴዛውንና ቴልስቶኩን አውጥተው፣ ራሱን በመካከል ቆልፈው፣ ሁለት ሰው ሆነው በፒክ አፕ ላይ ያስተኙት። ራሱ ካልተቆለፈ መንገድ ላይ ይንሸራተትና እጅ ይቀጠቅጣል።

ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ገመዱን ባለ ሦስት ሽቦና መሬት ያለው አድርገው ይቀይሩ። ማራዘሚያ ካስፈለገ 12 ቁጥር ሽቦ፣ ከ25 ጫማ ያልበለጠ ይሁን፤ ቀጭን ማራዘሚያ ቮልቴጁን ይጥልና ሞተሩን ያግላል። የራሱን ሽፋን ከፍተው የተከማቸውን ሰጋቱራ በመምጠጫ ያውጡ። በኮምፕረሰር አይንፉት፤ ብናኙ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ተንሸራታች ፑሊዎቹ በዘንጋቸው ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይፈልጋሉ። አንደኛው የሚጋለጠው ማሽኑ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ሲጠፋ፣ ሌላው በዝቅተኛው ሆኖ ሲጠፋ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማስነሳት፣ ሁለት ጊዜ ነቅሎ ዘይት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ በየ5 እስከ 10 ሰዓት ሥራ ይደግሙታል። ከሁለት ጠብታ በላይ አይጨምሩ፤ ትርፉ ቺንጋው ላይ ይረጫል።

ዕቃ ሁሉ በዘንጉ ላይ የሚታሰረው ጭንቅላት በሌላት አንዲት ማጥበቂያ ብሎን ነው። 5/8 ኢንች ውፍረት ያለው ዘንግ በአንድ ወገኑ ተልጎ ጠፍጥፏል፤ ብሎኗ መቀመጥ ያለባት በዚያ ጠፍጣፋ ላይ ነው። በክቡ ወገን ከጠበቀች ብረቱን ትቧጭራለች፣ ቡጭሩ ይነሳል፣ ዕቃው ከዘንጉ አልወጣ ይላል። የቀድሞው ባለቤት እንዲህ አድርገውት ከሆነ በመዶሻ አይምቱት፣ ምቱ ኩሽኔታ ይጎዳል። ዘይት አድርገው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ እያወዛወዙ ያውጡት፣ ቡጭሩን በቀጭን ሞረድ ይላጉት።

ላማ ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የሾፕስሚዝ የራሱ ላማ መካከለኛ ቀዳዳ 1 1/4 ኢንች ነው፤ መደብር ላይ የሚያዩት 10 ኢንች ላማ ግን 5/8 ነው። ለ5/8 የሚሆን ማሰሪያ ለብቻው ይሸጣል፤ አንዴ ከገዙት ማንኛውንም ላማ ያስራሉ። የጥንቱ ማሽን የላይ መከለያ ለ9 ኢንች የተሠራ ሊሆን ስለሚችል 10 ከማሰርዎ በፊት በእጅ አዙረው እንደማይነካ ያረጋግጡ። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ባለ 24 ጥርስና ቀጭን ምላጭ ያለውን ይምረጡ፤ የሚበላው እንጨት ሲያንስ ሞተሩ ይቀለዋል።

ከመጀመሪያው ቁራጭ በፊት ጠረጴዛው ከላማው ጋር መስመር መያዙን ይፈትሹ። ሶኬቱ ተነቅሎ አንዱን ጥርስ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ያንን ጥርስ ወደ ፊት አምጥተው ከጠረጴዛው ቦይ እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት ተንሸራታች ምላስ ባላት ስኳድራ ይለኩ፣ ከዚያ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረው ይለኩ። ሌላ ጥርስ ከለኩ የላማውን መንቀጥቀጥ እንጂ የጠረጴዛውን መጣመም አይለኩም። ከወረቀት ውፍረት በላይ ልዩነት ካለ ጠረጴዛውን ከሥር የያዙትን ብሎኖች አላልተው ያዙሩት። መጨረሻ ላይ መመሪያውን ከቦዩ ጋር ያስተካክሉ። ጠረጴዛው ከላማው ጋር ሳይስማማ መመሪያውን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ እንጨቱ በላማውና በመመሪያው መካከል ተጨምቆ ወደ ሆድዎ ይወረወራል።

መጋዝነቱን ምራቂ ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ጠረጴዛው ጠባብና ከፍ ያለ ነው፤ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ያለ ረዳት አይሰነጠቅበትም፣ በእጅ መጋዝ ቀድመው ያሳንሱት። ላማው ስለማያዘነብል ለሰያፍ ቁራጭ የሚያዘነብለው ጠረጴዛው ነው። እንጨቱ በክብደቱ ወደ ታች ስለሚንሸራተት መመሪያው በታችኛው ወገን ይሁን፣ እጅ ሳይሆን መግፊያ እንጨት ይጠቀሙ። ቀጥ ያለ ቁራጭ እስከ 3 1/4 ኢንች ይወርዳል ይባላል፤ በ3/4 ፈረስ ጉልበት ግን ደረቅ ሜፕል ሁለት ኢንች ከሆነ በሁለት ዙር ይቁረጡት። ላማው ሲቸገር ፍጥነት መጨመር የሚረዳ ይመስላል፤ ተቃራኒው ነው። የሞተሩ ጉልበት አንድ ነው፣ ዘንጉ ሲፈጥን የመጠምዘዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ለመጋዝ 3500 ገደማ ይበቃል።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንምጣ፤ ይህ ማሽን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለማዞር አምስት ደቂቃ፣ መልሶ ለማስተካከል ሌላ አምስት ደቂቃ ይበላል። ወደ መጋዝ በተመለሱ ቁጥር የቀደመውን ልክ በትክክል አያገኙትም። ስለዚህ ሥራው የሚደረደረው በዕቃው ሳይሆን በማሽኑ ነው። የአንዱን እግር ጨርሰው ወደ ሌላው አይሄዱም። መጋዙ ታስሮ ሳለ የእግሩም፣ የማገሩም፣ የላዩም ሰሌዳ ሁሉ ይቆረጣል፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ትርፍ ጨምረው ይቁረጡ። ትርፏ ለመለማመጃ ትሆናለች፣ አንዱ ቢበላሽም መጋዙን መልሶ ከማሰር ታድናለች።

ለአራት እግር አምስት እንጨት፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከሚፈልጉት 4 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ይቁረጡ። ዋንዛ የለመደ ዓይን እዚህ ዋልነትን ይወዳል፤ ለመጀመሪያው ግን ርካሹን ፖፕላር ይውሰዱ። እግሮቹ አራት ማዕዘን ሆነው ሳሉ የማገሩን ቀዳዳ መብሳት ግድ ነው። አንዴ ከተጠረቡ በኋላ ክብ ነገር በጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። አግድም መብሻው እዚህ ላይ ከማንኛውም ውድ ማሽን ይበልጣል። 3/8 ኢንች፣ መካከሉ ሹል የሆነ የእንጨት ፑንታ ያስሩ፣ ፍጥነቱን 1500 አካባቢ ያድርጉ፣ የጠረጴዛውን ከፍታ ፑንታው የ3/4 ኢንቹን ማገር መካከል እንዲመታ ያስተካክሉ። የዘንጉን መውጫ ገደብ ለ1 1/16 ኢንች ይቆልፉ። የሚያስገቡት የእንጨት ችንካር ሁለት ኢንች ሲሆን አንድ ኢንቹ ወደ እግሩ፣ አንዱ ወደ ማገሩ ይገባል፤ የተረፈችው 1/16 የኮላ ማረፊያ ናት። እሷ ከሌለች ኮላው መሄጃ አጥቶ እግሩን ይሰነጥቀዋል ወይም መጋጠሚያው ክፍት ይቀራል። የማገሩም የእግሩም የውጭ ፊት ሁልጊዜ ወደ ጠረጴዛው ይተኛ፤ ምልክት ያድርጉበት። እንዲህ ከሆነ ቀዳዳው ከመካከል ትንሽ ቢስትም ሁሉም እኩል ስለሚስት ፊቱ ይገጥማል። እግሩ ከማገሩ ወደ ውጭ እንዲወጣ ከፈለጉ እግሩን ሲበሱ ብቻ ጠረጴዛውን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉት።

ቀጥሎ ቶርኖው። በቴልስቶኩና በራሱ መካከል እስከ 34 ኢንች ይይዛል፣ 16 1/2 ኢንች ስፋት ያዞራል፤ ለበርጩማ መቀመጫ እንኳ ይበቃል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አፍ ለአፍ አገናኝተው መግጠማቸውን ይዩ። ካልገጠሙ ቴልስቶኩ ላይ ከመካከል ወጣ ያለች ማስተካከያ አለች፣ እሷን ያዙሩ፤ አለበለዚያ እግሩ በአንድ ወገን ይቀጥናል። ባለ ጥርሱን ጫፍ ከማሽኑ አውጥተው በእንጨት መዶሻ እንጨቱ ላይ ይትከሉት። ማሽኑ ላይ ሆኖ መምታት ኩሽኔታውን መምታት ነው። የጥንቱ የቴልስቶክ ጫፍ የማይዞር ስለሆነ እንጨቱን ያቃጥላል፤ ትንሽ ሰም ይቀቡት፣ ወይም ቁጥር 2 ሞርስ የሚባል ልክ ያለው ሾጣጣ እጀታ ያለውን የሚዞር ጫፍ ይግዙ።

አራት መቆለፊያ አለ፦ የራሱ፣ የዘንጉ፣ የመሮ ማስደገፊያው፣ የቴልስቶኩ። ከየእግሩ በፊት አራቱንም በእጅዎ ይንኩ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሪንማን የተባለ ሰው፣ ባለቤቱ በገና ስጦታ በሰጠችው ሾፕስሚዝ ጽዋ ሊጠርብ ትልቅ እንጨት አስሮ ሲሠራ እንጨቱ ወጥቶ ግንባሩን መታው። ፍርድ ቤት ላይ የቀረበው ማስረጃ ክፍሎቹን የያዙት ብሎኖች በቂ ስላልነበሩ በመንቀጥቀጥ ቴልስቶኩ ከእንጨቱ እየራቀ መሄዱን ያሳያል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 የሰጠው ውሳኔ የአሜሪካን የአምራች ተጠያቂነት ሕግ የለወጠ ነው፤ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያነቡታል። የእርስዎ ማሽን የዚያ ዘመን ሰው ነውና መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጥፍተው መቆለፊያዎቹን ያጥብቁ። ፊት የሚሸፍን መከላከያ እንጂ መነጽር ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው አደጋ የፍጥነቱ ነው። ማሽኑ የሚነሳው ትናንት ባቆሙበት ፍጥነት ነው። ማታ በ3500 ሰንጥቀው አጥፍተው ከሄዱ፣ ጠዋት ማዕዘኑ ያልወጣ እንጨት አስረው ሲያስነሱ በ3500 ይነሳል። እንጨቱ ሊወጣ ይችላል፣ መደወያውን ደግሞ ቆሞ ሳለ ማዞር አይቻልም። ስለዚህ ማንኛውንም ሥራ ሲጨርሱ ከማጥፋትዎ በፊት ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። ከረሱት የታሰረውን ዕቃ ሁሉ አውጥተው፣ ባዶውን አስነስተው አውርደው እንደገና ማሰር ነው። ማዕዘኑን በጎድጓዳ መሮ እስኪያወጡ 700 ላይ ይቆዩ፣ ክብ ሲሆን ወደ 1500 ይሂዱ። የመሮ ማስደገፊያው ከእንጨቱ ማዕዘን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከማስነሳትዎ በፊት በእጅ አንድ ዙር ያዙሩት። አራቱን እግር አንድ ለማድረግ የመጀመሪያዋን ልክ በቀጭን እንጨት ላይ ገልብጠው እያስጠጉ ይዩ፤ ዓይን ከመለኪያ ይልቅ ቅርጽን ያያል።

ሰሌዳው ማለስለሻ ሲታሰር ከ2000 በታች ይሁን። በዚያ ላይ የሚሠሩት ወደ ታች በሚወርደው ግማሽ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ግማሽ እንጨቱን አንስቶ ይወረውራል። በራውተር ፑንታ ጠርዝ ለማውጣት ግን ይህን ማሽን አይመኙት። 5200 ለራውተር ዝግተኛ ነው፣ እንጨቱን ይቀድዳል። አነስተኛ የእጅ ራውተር ይሻላል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ አገር ቤት መውሰድ ነበር። እዚህ ያለው መብራት 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በ60 ኸርዝ 3450 የሚዞር ሞተር በ50 ኸርዝ 2875 ይሆናል፤ 700 የነበረው 583፣ 5200 የነበረው 4333። ይህ ራሱ ችግር አይደለም፤ ለአብዛኛው ሥራ መደወያውን ከፍ ያደርጉታል። የማይመለሰው ሙቀቱ ነው። 115ን ለ60 ቢያካፍሉ 1.92፣ ለ50 ቢያካፍሉ 2.3 ይመጣል፤ ሞተሩ ከተሠራበት 20 በመቶ የበለጠ ማግኔት እንዲሸከም ይገደዳል፣ ብረቱ ይጠግባል፣ ትርፉ ሙቀት ይሆናል። ይህን ለመከላከል ከትራንስፎርመሩ 96 ቮልት ገደማ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ጉልበቱ ስድስተኛውን ያጣል። ከ3/4 ፈረስ ጉልበት ላይ ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው ላማ አይገፋም። በዚያ ላይ ማስነሻውን ሽቦ የምታቋርጠው የሽክርክሪት ማብሪያ የምትከፈተው ከሙሉ ፍጥነት ሦስት አራተኛ ገደማ፣ ማለትም 2590 አካባቢ ነው። ሞተሩ ራሱ ከ2875 ስለማያልፍ ጭነት ሲበዛ ወይም መብራቱ ሲያንስ ተመልሳ ትዘጋለች፣ ማስነሻው ሽቦ ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩም ለመነሻው ጉልበት ከ3 ኪሎ ቮልት አምፒር ያላነሰ መሆን አለበት፤ ክብደቱና ዋጋው ቀላል አይደለም።

ሞተር ይቀየር ቢሉ፣ የማርክ 5 ሞተር በራሱ ሆድ ውስጥ ከተንሸራታች ፑሊ ጋር የተገጠመ ስለሆነ ከመርካቶ የሚገዛው ሞተር አይገባበትም። የሚገርመው፣ ከማርክ 5 የሚቀድመው 10ኢአር የሚባለው ሞዴል ለዚህ ይመች ነበር። የእሱ ሞተር ውጭ ተንጠልጥሎ በተራ ቺንጋ ነው የሚያዞረው፤ አዲስ አበባ ማንኛውንም የ220 ሞተር ይቀበላል። ብሎኖቹ ግን ሁለቱም ላይ ኢንች ናቸው፤ በሚሊ ሜትር በሚሠራ ከተማ አንዲት የጠፋች ብሎን ቶርኖ ቤት ታስኬዳለች።

አገር ቤት የሚመለሱ ቀን ማሽኑን እዚህ ይሽጡት፤ ገዢ አያጣም። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው የቶርኖ መሮዎቹ፣ የእንጨት ፑንታዎቹና ያ ቁጥር 2 ሞርስ የሚዞር ጫፍ ነው። ሞርስ በዓለም ሁሉ አንድ ልክ ስለሆነ፣ የቻይናም ይሁን የአውሮፓ፣ ቁጥር 2 ቀዳዳ ባለው ማንኛውም ቶርኖ ቴልስቶክ ውስጥ ይገባል።